ፈቃድ የተጻፈበት መንገድ

አቶ ኦርቪል ቴይገን የዚያን ሐሙስ ጠዋት ዳማ ፈረሳቸውን ተቀምጠው፣ ፐርል የምትባለውን በቅሎአቸውን በገመድ አስከትለው በላርክስፐር ወንዝ ዳር ወደ ኬስለር እርሻ ሲወጡ፣ በሩ ጋ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው አንድ ጥድ መንገዱን ዘግቶ ተጋድሞ አገኙት። ከግንዱ ማዶ አንዲት ወጣት ከቁመቷ የሚረዝም መጋዝ ይዛ ብቻዋን ትታገላለች። የአንዱን ጫፍ እጀታ እሷ ጨብጣለች፤ ሌላው እጀታ ያዥ አጥቶ ይወዛወዛል። መጋዙ በሳበችው ቁጥር ይጎብጥና ይነክሳል።

«ያ የሁለት ሰው መጋዝ ነው» አሉ አቶ ኦርቪል፣ ሰላምታ ሳያስቀድሙ።

«እንደምን አደሩ፣ አቶ ቴይገን። አውቃለሁ። ሁለተኛው ሰው ጎማው ተንፍሶበት መንገድ ቀርቷል።»

«ታዲያ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?»

«እርስዎን እየጠበቅኩ ነበር መሰለኝ።»

አቶ ኦርቪል ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሃምሳውን በኮርቻ ላይ ፈጅተውታል፤ በሞንታና ተራሮች ለአዳኝና ለደን ጠባቂ በበቅሎ ጭነት ሲያመላልሱ ኖረዋል። ጭነት በማሰር የሚደርስባቸው በሸለቆው የለም። ይህን ጎረቤት ሁሉ ይመሰክራል፤ ጎረቤት ዝም ባለ ጊዜ ደግሞ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ልጅቱን በመልክ ያውቋታል። ኮሪን ዱሴት ትባላለች፤ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ ከቤት ቤት እየዞረች ለፈረስ ኮቴ ብረት ትመታለች። ትምህርቷን በአሥራ ስድስት ዓመቷ ትታ፣ የቀረውን ከወረዳው ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ በራሷ ለቅማለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ያለ ደመወዝ የፈረስ መንገድ የሚጠርጉት ሃያ ያህል ፈረሰኞች አለቃቸው ያደረጓት እሷን ነው። አቶ ኦርቪል እነዚህን ሰዎች «የቅዳሜ ፈረሰኞች» ይሏቸዋል፤ ከሳምንቱ በቀሩት ቀኖች ፈረስ ላይ መውጣት አይችሉም ለማለት ነው።

ወረዱና ፈረሳቸውንና በቅሎአቸውን አሰሩ፤ ባርኔጣቸውን ኮርቻው ላይ ሰቅለው የመጋዙን ሌላ ጫፍ ያዙ። የሞተር መጋዝ የት ጠፋ ብለው ጠየቋት። ከበሩ በላይ ያለው ጥብቅ ደን ሞተር ስለማይፈቅድ እጇን እዚሁ ታች ልታስለምድ እንደሆነ ነገረቻቸው። በመልሱ ደስ አላቸው፤ ደስታቸውን ግን አላሳዩም።

«አትግፊው። ሳቢና ልቀቂ፣ መግፋት የኔም የመጋዙም ጠላት ነው።»

«እየሳብኩ ነው።»

«እየገፋሽ ነው። ስትፎክሪ የምትገፊ ዓይነት ሰው ነሽ።»

እሷም ሳቀች፤ ከዚያ በኋላ ግን አልገፋችም። መጋዙ መዝፈን ጀመረ። ግንዱ ተቆርጦ ሲወድቅ ሁለቱም ላባቸውን ጠረጉ፤ ኮሪን ከፔርሙዟ ቡና ቀድታ ሰጠቻቸው። ሰው ደስ ሲለው ምላሱ ይፈታልና፣ አቶ ኦርቪል ወዴት እንደሚሄዱ ሳትጠይቃቸው ነገሯት። ከሸሚዛቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የላርክስፐር የፈረስ መንገድ ከአውራ ጎዳናው ተነስቶ፣ በእርሻው ውስጥ ሁለት ማይል ያህል አቋርጦ፣ የመንግሥት ደን ውስጥ ይገባና ሐይቁ ጋ ያልቃል። እርሻው ድሮ የሩዲ ሃልቨርሰን ነበር። ሩዲና ሚስቱ ኧርማ ሲሞቱ ልጆቻቸው ሸጡት፤ የገዙት አቶ ኬስለር በዚህ ዓመት በረዶው ሲቀልጥ በሩ ላይ ሰንሰለት አጋደሙ። የኮሪን ጓደኞች መንገዱ የሕዝብ ነው ብለው ለወረዳው ምክር ቤት አመለከቱ። ነገሩ ማክሰኞ ይሰማል። አቶ ኦርቪል ግን ምክር ቤት የሚባል ነገር አይወዱም፤ ባለፈው ሳምንት ብቻቸውን ሄደው የኬስለርን በር አንኳኩ።

«እናንተ ሰውዬውን በወረቀት ከሰሳችሁት» አሏት። «እኔ ባርኔጣዬን አውልቄ ጠየቅሁት። ይኸው፣ በራሱ እጅ ፈርሞ ፈቀደልኝ። ሰው ከሰው ጋር የሚኖረው እንዲህ ነው።»

ኮሪን ወረቀቱን አየችው እንጂ አልነካችውም። «እርስዎ ፈርመውበታል?»

«ገና ነው። ብዕር አልያዝኩም። እነሱ ቤት እፈርማለሁ።»

ልጅቱ የተቆረጠው ግንድ ላይ ተቀመጠች።

«አቶ ቴይገን፣ አንብበውታል?»

«ስሜ ያለበትን አንብቤዋለሁ።»

«እንዳነብልዎት ይፈቅዱልኛል?»

ይህን በትሕትና ነው ያለችው፤ በውስጧ ግን ትሕትና አልነበረም። አቶ ኦርቪል መነጽራቸውን ቤት ረስተው እንደመጡ ላለመናገር ሲሉ ወረቀቱን አቀበሏት። እሷም ቀስ ብላ፣ አንዱንም ቃል ሳትውጥ አነበበችላቸው። አቶ ኦርቪል ቴይገንና ከእሳቸው ጋር የሚሆን አንድ ሰው በእርሻው ውስጥ ማለፍ ይችላሉ፤ ይህም ባለቤቱ እስከፈቀደ ድረስ ብቻ ነው። አቶ ቴይገን በዚህ መንገድ ሁልጊዜም በባለቤቱ ፈቃድ ሲያልፉ እንደኖሩ፣ መንገዱም የግል መሆኑን ያምናሉ።

«ታዲያ ምን ስሕተት አለበት?» አሉ። «ሁልጊዜም ሳስፈቅድ ነው የኖርኩት። ይህን ሁሉ ሰው ያውቃል።»

«ስሕተቱ እሱ ነው። ሕጉን ልንገርዎት፤ አጭር ነው። ሕዝብ ማንንም ሳያስፈቅድ ለብዙ ዓመታት የተመላለሰበት መንገድ የሕዝብ ይሆናል። እያስፈቀደ ከተመላለሰ ግን የባለቤቱ ቸርነት ነው፤ ቸርነት ደግሞ በማንኛውም ቀን ያበቃል። በዚህ መንገድ እንደርስዎ ረጅም ዘመን የሄደ በሕይወት ያለ ሰው የለም። ማክሰኞ የኬስለር ጠበቃ ይህን ወረቀት ከፍ አድርጎ ያሳይና ሌላ ምንም መናገር አያስፈልገውም። እኛን ያሸነፈን ኬስለር አይሆንም፤ እርስዎ ይሆናሉ።»

አቶ ኦርቪል ተቆጡ። የተቆጡት ነገሩ ስለገባቸው ነው፤ ባይገባቸው ኖሮ ይስቁ ነበር። ጨዋነት ወንጀል የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው ብለው ጠየቁ። አባታቸው የሰው በር ሳያንኳኩ እንዳያልፉ እንዳስተማሯቸው፣ ዛሬ የመጣ ትውልድ ግን ሁሉ ነገር መብቴ ነው እያለ እንደሚጮህ ተናገሩ። ኮሪን አላቋረጠቻቸውም። ሰው እስኪጨርስ መታገሥን ከየትኛውም መጽሐፍ አልተማረችውም፤ የኋላ እግሩን የማያስጨብጥ ፈረስ ነው ያስተማራት።

«ደግሞስ የሕዝብ መንገድ ማለት ምን እንደሆነ ልንገርሽ» አሉ ቀጥለው። «የሕዝብ ማለት የማንም አይደለም ማለት ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ስድስት ፈረሰኞች እዚህ መጡ። የሩዲን በር ከፍተው ጥለው ሄዱ፤ ላሞቹ አውራ ጎዳና ላይ ወጡ። ሐይቁ ዳር ያለችውን አንዲት ትልቅ ዛፍ ታውቂያታለሽ? ፈረሶቻቸውን ከግንዷ ጋር አስረው ሦስት ሌሊት ሰነበቱ። ፈረሶቹ መሬቱን በኮቴያቸው ሲጭሩ ሰንብተው ሥሯን እርቃኑን አስቀሩት። በዓመቱ ደረቀች። ዘመኔን ሙሉ ከጥላዋ ሥር ያረፍኩባት ዛፍ ናት። የሕዝብ እጅ እንዲህ ነው።»

ኮሪን ቡናዋን መሬት ላይ ደፋችው።

«ከስድስቱ አንዷ እኔ ነበርኩ።»

አቶ ኦርቪል ስኒያቸውን ግንዱ ላይ አስቀመጡ።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር» አለች። «ፈረስ እንዴት እንደሚታሰር የነገረኝ ሰው አልነበረም። ዛፍ አየሁ፣ አሰርኩ። እርስዎ በማግሥቱ ጠዋት በሜዳው ማዶ ሲያልፉ አየሁዎት። እርስዎም አይተውኛል። የሁለት ደቂቃ መንገድ ነበር የሚለየን። ባርኔጣዎን ዝቅ አድርገው አለፉ።»

«ልሰድብሽ ስላልፈለግኩ ነው።»

«ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር። ሰድበውኝ ቢሆን ኖሮ በዚያ ጠዋት ፈረሶቹን እፈታቸው ነበር፤ ዛፏም ዛሬ ትኖር ነበር። እኔ ትክክለኛውን አስተሳሰር ከመጽሐፍ ለመማር ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። በሁለት ዛፎች መካከል ገመድ ከራስ በላይ ይወጠራል፤ ልጡ እንዳይላጥ ሰፊ ጨርቅ ይጠመጠምበታል፤ ፈረሱ ከሥር ርቆ መሐል ላይ ይታሰራል። እርስዎ ይህን ከኔ መወለድ በፊት ያውቁት ነበር። ለማን ነገሩት?»

ለማንም አልነገሩም። አቶ ኦርቪል የሚያውቁትን ነገር እንደ ጥሩ ቢላ ነበር የያዙት፤ ይስሉታል፣ ያሳዩታል፣ አያውሱትም። በሸለቆው ውስጥ ይህ ልማድ የእሳቸው ብቻ አይደለም። ሽማግሌዎቻችን ወጣት ሲያጠፋ አይተው ዝም ይላሉ፤ ወጣቱ ካጠፋ በኋላ ግን ለዓመታት ያወሩለታል። ዝምታቸውን ጨዋነት ይሉታል፤ ጥፋቱ ሲደርስ ግን የሌላው ብቻ ነው።

ፐርል ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ መሬቱን ትመታ ጀመር። አቶ ኦርቪል ሄደው ገመዷን አላሉላትና ከዚያው ሆነው ተናገሩ፤ ፊታቸውን ወደ ልጅቱ አላዞሩም።

«እሺ። ይህ ሁሉ ይሁን። ግን እኔ ውሸታም አይደለሁም። ምክር ቤት ቆሜ አላስፈቀድኩም አልልም። አስፈቅጃለሁ።»

«ውሸት አልለምንዎትም። ውሸት የሚያስፈልገው መንገድ ከሆነ ይዘጋ። እውነቱን ብቻ ይንገሩኝ። መጀመሪያ ያስፈቀዱ ቀን ሃልቨርሰኖች ምን አሉዎት?»

«ምን ይላሉ? እለፍ አሉኝ።»

«ልክ እንደዚህ አሉ?»

አቶ ኦርቪል የበቅሎዋን አንገት ደባበሱ። የመጀመሪያው ቀን ትዝ አላቸው። የራሳቸውን አራት በቅሎዎች የገዙበት ዓመት ነበር፤ ባርኔጣቸው አዲስ ነበር። የቤቱን በር አንኳኩ፤ ሩዲ ግን ከብቶቹ ጋ ነበር። ኧርማ እጇ ሊጥ ለብሶ በወጥ ቤቱ መስኮት ብቅ አለች። ባርኔጣቸውን አውልቀው በእርሻችሁ ላልፍ ትፈቅዱልኛላችሁ ወይ አሏት። ይህን ለኮሪን ሲነግሯት ድምፃቸው እየቀነሰ ሄደ።

«ሳቀችብኝ» አሉ። «‹ኦርቪል፣ መንገዱ እኮ ከቤታችን ይቀድማል። የደን ሰዎችም፣ ማዕድን ቆፋሪዎችም፣ ሁሉም ሲሄዱበት ነው እኛ የመጣነው። ከኛ ፈቃድ ምን ትሻለህ? ይልቅ ተራራው ላይ የጠፋ ላም ካየህ ንገረን› አለችኝ።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አንኳኳለሁ። ዘንድሮም ልወጣ ነው እላለሁ፤ ስመለስ ያየኋቸውን ላሞች እነግራቸዋለሁ።»

«ይህ ማስፈቀድ ነው?»

ይህን እኛ ልንመልስላት እንችላለን። ሰላምታ ነበር። አቶ ኦርቪል ሰላምታውን ለአርባ ዓመት ማስፈቀድ ነው እያሉ ያወሩት ስለሚጣፍጣቸው ነው። መንገዱ ለሁሉም ክፍት ከሆነ ማንም ያልፍበታል፤ በፈቃድ ከሆነ ግን የሚያልፍ የተከበረ ሰው ብቻ ነው፤ የተከበረውም ሰው እሳቸው ናቸው። ትንሽ ኩራት ነበር፤ ያኔ ማንንም አልጎዳም። አሁን ግን ሌላውን ሁሉ ከልክሎ መንገዱን ለእሳቸው ብቻ ሊያስቀር ደርሷል፤ ለእሳቸውም ቢሆን ለጊዜው ነው።

«ያቺን እስከፈቀደ ድረስ የምትለውን ደግመሽ አንብቢልኝ» አሉ።

አነበበችላቸው።

«ማለትም ነገ ቢከፋው?»

«ነገ ቢከፋው እርስዎ ከበሩ ውጭ ነዎት። እኛ ግን ከማክሰኞ ጀምሮ ከበሩ ውጭ ነን።»

አቶ ኦርቪል ወረቀቱን ተቀብለው አጠፉት። ባርኔጣቸውን አደረጉ። ሰውዬው ሳያውቅ ከጀርባው መሥራት ግን እንደማይሆንላቸው፣ የሚሉትን ለኬስለር ፊት ለፊት ሊነግሩ እንደሚሄዱ አስታወቋት። ኮሪንም ይህን የመሰለ ጨዋነት የሚከለክል ሕግ እንደሌለ ነግራቸው ፈረሷን ጭና ተከተለቻቸው።

አቶ ኬስለር ጎተራቸው ደጃፍ ላይ ነበሩ። በአርባዎቹ ዕድሜ ያሉ፣ ቦት ጫማቸው ጭቃ ያልለቀቀው፣ ጠንክረው የሚሠሩ ሰው ናቸው። አንዳንድ የከተማ ጓደኞቻችን እንደሚያወሩባቸው ክፉ ሰው አይደሉም። አቶ ኦርቪል ከፈረሳቸው ወርደው ወረቀቱን ሳይፈርሙ መለሱላቸው።

«አቶ ኬስለር፣ ስላከበሩኝ አመሰግናለሁ። ግን ይህ ወረቀት ያልሆነ ነገር ያስብለኛል። ማክሰኞ የማውቀውን እናገራለሁ፤ ከጀርባዎ እንዳይሆንብኝ ነው የመጣሁት።»

ኬስለር ፊታቸው ቀላ። ከዚያም ኮሪን አስቀድማ ያሰበችበትን ጥያቄ ጠየቁ። ባለፈው መስከረም ሁለት ጊደሮቻቸው ክፍት በተተወ በር ወጥተው በጭነት መኪና ተገጭተዋል። ሰንሰለቱን ያደረጉት በክፋት አይደለም፤ የሚያልፈውን ሁሉ እየተከተሉ በር ሲዘጉ መኖር ስለማይችሉ ነው። መንገዱ የሕዝብ ሲሆን ጊደሮቼን ሕዝቡ ይጠብቅልኛል ወይ አሉ።

ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ኮሪንም ትክክል መሆኑን አመነች። ከዚያ ያቀደችውን አስረዳች። ቡድኑ በራሱ ድካም ከኮርቻ ሳይወረድ የሚከፈት፣ ሲለቁት ደግሞ በክብደቱ ራሱ የሚዘጋ በር ይሠራል። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ አጥሩንም መንገዱንም ይፈትሻል፤ የረጠበው ቦታ ላይ ውኃውን ወደ ጎን የሚመልሱ ግንዶች ያጋድማል፤ እንዲያ ሲሆን ፈረሰኛ ጭቃ እየሸሸ የኬስለርን ሣር አይረግጥም። ይህን ሁሉ ለመፈጸም ጽፎ ይፈርማል። የበሩን ሥዕል ከኪሷ አውጥታ ጎተራው በር ላይ ለጠፈችው። ኬስለር መልስ ከመስጠታቸው በፊት አቶ ኦርቪል ሥዕሉን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መወርወሪያው ዝቅ ብሏል። ጭነት የያዘች በቅሎ በሆዷ ትከፍተዋለች። አንድ ክንድ ከፍ አድርጊው።»

«እርስዎ ይሥሩት እንግዲህ» አለች ኮሪን።

«እሠራዋለሁ። የቅዳሜ ፈረሰኞችሽ ሚስማር በየት በኩል እንደሚመታ ካወቁ።»

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የምክር ቤቱ አዳራሽ ሞላ። ሦስቱ አባላት የድሮ ካርታዎችንና የቆዩ ፎቶግራፎችን አዩ፤ ከሌላ ሸለቆ የመጡ አሮጊት አባታቸው በዚያ መንገድ ማዕድን ሲያመላልስ እንደነበር ተናገሩ። ከዚያ አቶ ኦርቪል ቆሙ። አንድ ጊዜ ብቻ እንዳስፈቀዱ፣ ኧርማ ምን እንደመለሰችላቸው፣ ከዚያ በኋላ ግን ሰላም ለማለት እንደሚያንኳኩ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ተናገሩ። የኬስለር ጠበቃ ለብዙ ዓመት ሳስፈቅድ ኖርኩ ይሉ አልነበረም ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

«እል ነበር» አሉ። «ስፎክር ነበር። ፉከራና ምስክርነት ለየቅል ናቸው፤ ዛሬ የምናገረው ምስክርነት ነው።»

ምክር ቤቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወሰነ። መንገዱ የሕዝብ ነው፤ በሩ ይዘጋል እንጂ አይቆለፍም፤ ፈረሰኞቹም ለበሩና ለመንገዱ የገቡትን ቃል ይፈጽማሉ። ኬስለር ውሳኔው ላይ ይግባኝ አላሉም፤ አዲሱ በር ሲተከል እሳቸው ራሳቸው ጉድጓዱን በማሽናቸው ቆፈሩ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ምን እንደተገኘ በግልጽ ልናገር፤ ነገርን ሸፋፍኖ ማለፍ አይሆንልኝም። ሐምሌ ሳያልቅ የሐይቁ መንገድ ከላይ እስከ ታች ተጠረገ። የሸለቆው ልጆች ኮረብታውን የሚያዩት ከመኪና መስኮት መሆኑ ቀርቶ ከኮርቻ ላይ ሆነ። ከኬስለር ጊደሮች አንዲቱም አልወጣችም። አቶ ኦርቪልም ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎተራው ፊት ቆመው ሃያ ሰዎችን ጭነት አስተሳሰር፣ ገመድ አወጣጠር፣ መጋዝ አሳሳል ያስተምራሉ። ይሰድባሉ፣ ይነቅፋሉ፣ የሠሩትን አስፈትተው እንደገና ያሠራሉ፤ ተማሪዎቻቸው ግን በሳምንቱ ይመለሳሉ። የሕዝብ የሆነ ነገር የማንም አይደለም የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው፤ ማንም ባይጠብቀው እውነት ይሆናል፤ የሚጠብቁት ሲኖሩ ግን ከግል ንብረት ይልቅ ይጠነክራል፤ ምክንያቱም አንድ ባለቤት ይሸጣል፣ ይሞታል፣ ይከፋዋል። ሃያ ሰው ግን በአንድ ቀን አይከፋውም።

አንድ የነሐሴ ቀን አቶ ኦርቪል ብቻቸውን በሩ አጠገብ የአጥር ሽቦ ሲያጠብቁ፣ ከማያውቁት አገር የመጣች ሴት በቡላ ፈረስ፣ ሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆቿ በድንክ ፈረሶች ሆነው ከታች ወጡ። ሴትዮዋ ከኮርቻዋ ጎንበስ ብላ መወርወሪያውን ከፈተች፤ ልጆቿን አሳለፈች። በሩ ከኋላቸው በክብደቱ ተዘጋ። እግረ መንገዷን ወደ ሽማግሌው ዞር ብላ ወንዙ መሻገሪያው ላይ ጥልቅ ነው ወይ ብላ ጠየቀች።

አቶ ኦርቪል እስከ ጉልበት ብቻ ነው፣ ግን በስተግራ በኩል እለፉ፣ በቀኝ ያለው ድንጋይ ያንሸራትታል አሏት። አመሰገነችና ሄደች። ሊያልፉ ይችሉ እንደሆነ አልጠየቀችም፤ መጠየቅ እንዳለባትም አላሰበችም። አቶ ኦርቪል ልጆቹ ከዛፎቹ መካከል እስኪሰወሩ ድረስ ፒንሳቸውን እንደያዙ ቆመው አዩአቸው።